ከ50 በታች በቀይ ይጻፍ

ዛሬ ስለ ቀይ ቀለም እናውራ። ስለ ፖለቲካው ቀይ አይደለም፤ እሱን የሚያወራለት አላጣም። እኛ የፈለግነው ሪፖርት ላይ ብቅ የሚለውን ቀይ ነው። የዕዳ መዝገብ ላይ፣ የማርክ ካርድ ላይ፣ የመጋዘን ዝርዝር ላይ፣ የሠራተኛ መቆጣጠሪያ ላይ... ከመቶ ጥቁር ስሞች መሃል አንዱ ቀልቶ ሲታይ ሁላችንም ዓይናችን እዚያ ላይ ያርፋል፤ «ይሄ ሰውዬ ምን አድርጎ ነው?» እንላለን። ነገሩ ኮምፒዩተር አመጣሽ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ኧረ በጭራሽ! የቀዩ ዕድሜ ከማቱሳላም ይበልጣል።

የጥንቱ የግብፅ ጸሐፊ የሥራ ዕቃው አንዲት ረዘም ያለች ጠፍጣፋ ሰሌዳ ነበረች። ሰሌዳዋ ላይ ሁለት ጉድጓዶች አሉ፤ አንዱ ከጥላሸት ለሚሠራው ጥቁር ቀለም፣ ሌላው ከቀይ አፈር ለሚሠራው ቀይ። አርእስት በቀይ ይጻፋል፣ አዲስ ክፍል ሲጀመር በቀይ ይጀመራል። እስከዚህ ድረስ ማንም የሚገምተው ነው። እኛን ደስ ያለን ግን የእህል መዝገቡ ነው። ጎተራው ውስጥ ሁለት ዓይነት እህል ይገባል፤ ገብስና ኤመር የሚባለው የጥንት ስንዴ (በእኛም አገር አንዳንድ አካባቢ አጃ እየተባለ የሚዘራው)። ታዲያ ጸሐፊው በየመስመሩ «ይህ ገብስ ነው፣ ይህ ስንዴ ነው» እያለ አይደክምም። የገብሱን መጠን በጥቁር፣ የኤመሩን መጠን በቀይ ይጽፈዋል፤ አለቀ። መዝገቡን የሚያነበው ሹም ቀለሙን አይቶ ይለያል። ወገኖቻችን፣ ይሄ እኮ ዛሬ ዳታቤዝ ሪፖርት ላይ የምንሠራው ሥራ ራሱ ነው! ልዩነቱ፣ ያኔ ኮዱ የሚገኘው ጸሐፊው ጭንቅላት ውስጥ መሆኑ ብቻ።

ያው ጸሐፊ አንድ ሌላ ልማድ ነበረው። በቀይ እየጻፈ እያለ የአምላክ ስም ከመጣበት ብርዑን ይቀይርና ስሙን በጥቁር ይጽፋል። ለግብፆች ቀይ የሴት ቀለም ነው፤ ሴት ማለት የረብሻና የበረሃ አምላካቸው ነው (እኅቶቻችን አትቆጡን፣ ስሙ ነው)። አፖፊስ የሚባለውን ክፉ እባብ ስም ግን በቀይ ይጽፉታል።

አሁን ወደ እኛ ቤት እንምጣ። የግዕዝ ብራና ገልጣችሁ ካያችሁ የሚገጥማችሁ የዚህ ተቃራኒ ነው። የክርስቶስ ስም፣ የማርያም ስም፣ የቅዱሳኑ ስም በቀይ ይጻፋል። ያም ዓባይ ይህም ዓባይ፤ አንድ ወንዝ የሚጠጡ ሁለት ጸሐፊዎች አንዱን ቀለም አንዱ ለእባብ፣ ሌላው ለእመቤታችን አደረጉት። ስለዚህ «ቀይ በተፈጥሮው አደጋ ማለት ነው» የሚላችሁ ሰው ካለ ብራና ቤት ውሰዱት።

ቁም ጸሐፊው ሁለት የቀለም ቀንድ አለው፤ ሁለት ብርዕ አለው። ጥቁሩን እየጻፈ ሲሄድ ለቀዩ ስም የሚሆን ቦታ ባዶ ትቶ ያልፋል፣ በኋላ በቀዩ ብርዕ ተመልሶ ይሞላዋል። ይህን የምናውቀው ሳይሞሉ የቀሩ ባዶ ቦታዎች ያሉባቸው መጻሕፍት ስለተገኙ ነው። የጸሎት መጽሐፍ ከሆነ ደግሞ መጽሐፉን ያስጻፈው ሰው ስም የሚገባበት ቦታ አለ። መጽሐፉ ሲሸጥ ወይም ሲወረስ የድሮው ባለቤት ስም ይፋቅና የአዲሱ ይገባበታል። ዳታቤዝ የምትሠሩ ልጆች ይህን ስታነቡ ፈገግ እንደምትሉ እናውቃለን። ገጹ አይለወጥም፣ በባዶው ቦታ የሚገባው ስም ይለወጣል፤ ሪፖርት ማለት ከዚህ ወዲያ ምንድነው?

ከብራናው እስከ ትምህርት ቤቱ ብዙ ዘመን አለ፣ እንዝለለው። የትምህርት ቤቱን ቀይ ግን የማያውቅ የለም። መምህሩ ሮስተር ሲሞላ ከ50 በታች የሆነችውን ማርክ በቀይ እስክሪብቶ ይጽፋታል። ካርዱ ቤት ሲደርስ ማንበብ የማይችሉ እናት እንኳ ቁጥሩን ሳይሆን ቀዩን ይቆጥራሉ። «ስንት ቀይ አለው?» ነው ጥያቄው። 49 ያመጣውና 12 ያመጣው ልጅ እኩል ቀይ ናቸው፤ 50 ያመጣውና 98 ያመጣው እኩል ጥቁር። አንድ ቁጥር መሃል ላይ ቆማ ሕዝብን ለሁለት ትከፍላለች። ይህችን ነገር ያዙልን፣ እንመለስባታለን።

በቢሮ ዓለም ቀዩን ወደ ማሽን ያስገባው ሪባን ነው። የድሮ ታይፕራይተር ሪባን ላዩ ጥቁር፣ ታቹ ቀይ ነበር። የሒሳብ ክፍሎች የመደመሪያ ማሽንም እንዲሁ፤ ውጤቱ ከዜሮ በታች ሲወርድ ማሽኑ ራሱ ሪባኑን ከፍ አድርጎ በቀይ ያትመዋል። «ከዜሮ በታች ከሆነ ቀይ» የሚለው ትእዛዝ በብረትና በስፕሪንግ ተሠርቶ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ትልልቆቹ ኮምፒዩተሮች መጡና... ቀዩ ጠፋ! የአይቢኤም 1403 ማተሚያ (1959 እ.ኤ.አ.) በደቂቃ 600 መስመር ያትማል፣ ግን ቀለም አይለይም። ስለዚህ ኮቦል የሚባለው የንግድ ሥራ ቋንቋ ዘዴ ፈጠረ፤ ቁጥሩ ከዜሮ በታች ከሆነ ከጎኑ «ሲአር» ወይም «ዲቢ» የሚሉ ሁለት ፊደላት ይለጠፍበታል። ቀዩ ወደ ፊደል ተለወጠ። ለዓይን ማረፊያ ደግሞ ወረቀቱ ራሱ አረንጓዴና ነጭ መስመር ተደርጎ ይታተም ነበር። ትልልቅ ቢሮ የሠሩ አባቶቻችሁን ጠይቁ፣ ያንን ወረቀት አይረሱትም።

ቀለም በስክሪን የተመለሰው በ1979 እ.ኤ.አ. በአይቢኤም 3279 ነው። የሠሩት ነገር ብልጠት ነበረበት። በዚያን ጊዜ የነበሩት ፕሮግራሞች ለባለ አንድ ቀለም ስክሪን የተጻፉ ናቸው፤ ስለ ቀለም አያውቁም። ግን እያንዳንዱ ሣጥን ሁለት ጠባይ ነበረው፤ የሚጻፍበት ነው ወይስ የተቆለፈ? ጎላ ያለ ነው ወይስ ተራ? መሐንዲሶቹ ከነዚህ ሁለት ጠባዮች አራት ቀለም አወጡ። የሚጻፍበት ተራው አረንጓዴ፣ የሚጻፍበት ጎላ ያለው ቀይ፣ የተቆለፈ ተራው ሰማያዊ፣ የተቆለፈ ጎላ ያለው ነጭ። አንድ መስመር ኮድ ሳይነካ የቆየው ፕሮግራም ሁሉ በአንድ ቀን ባለ ቀለም ሆነ። ማንም ፕሮግራመር «ይህ ቀይ ይሁን» ብሎ ሳይወስን ቀይ የሆኑ ሣጥኖች በየባንኩ ታዩ ማለት ነው።

ከዚያ የ1981ዱ ፒሲ ከ16 ቀለሞቹ ጋር መጣ። ዲቤዝ የሚባለው ዳታቤዝ ስክሪኑን የሚቀባበት የራሱ የቀለም ትእዛዝ ነበረው። በኅዳር 1992 እ.ኤ.አ. ደግሞ ማይክሮሶፍት አክሰስን አወጣ፤ የእኛ ታሪክ ዋና ተዋናይም እሱ ነው። አክሰስ ዳታቤዙን፣ ፎርሙን፣ ሪፖርቱንና ኮዱን በአንድ ፋይል ጠቅልሎ ለተራው የቢሮ ሰው ሰጠ። ክሊኒኩ፣ መጋዘኑ፣ ማኅበሩ፣ ኮሌጁ ሁሉ አንድ «ኮምፒዩተር የሚችል ልጅ» ይዞ የራሱን መዝገብ የሚሠራበት ዘመን ሆነ። ልጁም ሪፖርቱን ሠርቶ ለአለቃው ሲያሳይ አለቃው የሚለው ነገር አንድ ነው፤ «ያልከፈሉትን ቀይ አታደርግልኝም?»

እሺ፣ ቀይ ማድረግ። እዚህ ጋ ትንሽ ወደ ጓዳው እንግባ፤ ኮድ የማትወዱ ታገሱን፣ ነገሩ ያለው እዚያ ነው።

ሪፖርቱ ላይ ሁለት ዓይነት ጽሑፍ አለ። ቴክስት ቦክስ ከመዝገቡ እየነበበ የሚሞላ ነው፤ የሰው ስም፣ የብር መጠን። ሌብል ደግሞ ሠሪው የጻፈበት የማይለዋወጥ ቃል ነው፤ «ቀሪ ዕዳ» እንደሚለው። በአክሰስ 2000 «ሁኔታ አይቶ ቀለም የሚቀይር» መሣሪያ መጣ፤ ያለ ኮድ፣ እስከ ሦስት ሁኔታ ድረስ (በ2010 ወደ 50 አደገ)። ግን የሚሠራው ለቴክስት ቦክስ ዓይነቱ ነው። ሌብልን አይነካም። ሌብሉ እንዲቀላ የፈለገ ሰው ኮድ መጻፍ ነበረበት፤ ዛሬም አለበት።

ኮዱ የሚቀመጠው ሪፖርቱ እያንዳንዱን መስመር ከማተሙ በፊት በሚቀሰቅሰው ቦታ ነው፤ ፎርማት ይሉታል። በአማርኛ ብናነበው እንዲህ ነው፤ «ቀሪው ከዜሮ በታች ከሆነ የሌብሉን ቀለም ቀይ አድርግ፤ አለዚያ ጥቁር አድርግ።» ይኸው ነው። ሕፃን የሚገባው ነገር።

ብዙ ሰው የሚስተው «አለዚያ» የምትለዋን ነው። ቀይ ካደረግን ይበቃል፣ የቀሩት በራሳቸው ጥቁር ናቸው ይላል። አይደሉም! ሪፖርቱ ላይ መቶ ሰው ቢኖር መቶ ሌብል የለም። አንድ ሌብል ነው ያለው፤ እሱው መቶ ጊዜ ይታተማል፣ እንደ ማኅተም። አንዴ ቀይ ከነከራችሁት እስክታጥቡት ድረስ በቀይ ነው የሚያትመው። ስለዚህ ዝርዝሩ በፊደል ተራ ወርዶ «መ» ላይ አንድ ባለዕዳ ሲገኝ፣ ከእሱ በታች ያሉት በሙሉ፣ የከፈሉትም ጭምር፣ ቀይ ሆነው ይወጣሉ። ስማቸው በ«ሀ» እና በ«ለ» የሚጀምሩት ከነገሩ ነፃ ናቸው። ሰው በስሙ የመጀመሪያ ፊደል ባለዕዳ ሲባል አስቡት እስኪ።

ሁለተኛው ጉድ ቁጥሩ ነው። ለአክሰስ ቀለም ማለት አንድ ቁጥር ነው፤ የቀዩ መጠን፣ ሲደመር የአረንጓዴው በ256 ተባዝቶ፣ ሲደመር የሰማያዊው በ65536 ተባዝቶ። ስለዚህ ንጹሕ ቀይ 255 ነው፣ ንጹሕ ሰማያዊ 16711680። ድረ ገጽ ላይ ግን ቀለም የሚጻፈው ተገልብጦ ነው፤ ቀዩ ከፊት፣ ሰማያዊው ከኋላ። የድረ ገጹን ቀይ እንዳለ ገልብጦ ኮዱ ውስጥ የጨመረ ሰው ያልከፈሉት ሁሉ ሰማያዊ ሆነው ያገኛቸዋል። አለቃው ደግሞ «ሰማያዊ ምንድነው?» ይላል፤ ትክክለኛ ጥያቄ ነው።

ሦስተኛው ትንሽ ነው፣ ቶሎ እንለፈው። ከአክሰስ 2007 ጀምሮ ሪፖርቱን ሳይታተም ስክሪን ላይ ብቻ ማየት ይቻላል፤ በዚያ እይታ ያ የፎርማት ኮድ አይቀሰቀስም። ስክሪኑ ላይ ሁሉም ደህና፣ ወረቀቱ ላይ ግማሹ ቀይ። የሁለት ቢሮ ሰዎች አንድ ሪፖርት ይዘው ሊጣሉ ይችላሉ፤ ሁለቱም ያዩትን ነው የሚናገሩት።

አራተኛው ግን ከሁሉም የከፋ ነው፤ ባዶ ሣጥን። የአንድ ሰው ሒሳብ ጭራሽ ካልተሞላስ? ኮዱ «ባዶው ከዜሮ በታች ነው?» ብሎ ሲጠየቅ መልሱ «ነው»ም «አይደለም»ም አይሆንም፤ ባዶ ይሆናል። ፕሮግራሙ ደግሞ «ነው» ካልተባለ በቀጥታ ወደ «አለዚያ» ይሄዳል። «አለዚያ» ጥቁር ነው። ጥቁር ደግሞ «ደህና» ማለት ነው። ያልታየው ሰው ታይቶ ደህና ከተባለው ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ ወጣ!

ባቡሮች ይህን ስህተት ከኮምፒዩተር በፊት ሠርተውታል። በድሮዎቹ የእንግሊዝ ባቡር ሐዲዶች ቀይ መብራት «ቁም»፣ ነጭ መብራት «ሂድ» ነበር። ቀይ የሚሆነው መብራቱ ፊት ቀይ መስተዋት ስለተደረገ ነው። መስተዋቱ ተሰብሮ ከወደቀ የሚቀረው ነጭ ነው። ስለዚህ የተበላሸ ምልክት «ሂድ» ይላል። ቆይተው ነጩን ትተው አረንጓዴን «ሂድ» አደረጉት። የሚያስፈልገውም ይኸው ነበር፤ ለ«ተበላሽቷል» የራሱ መልክ መስጠት። ሪፖርት ለሚሠሩ ልጆች ምክር ስጡ ብንባል ሦስተኛ ቀለም ጨምሩ ነው የምንለው፤ ለባዶው ግራጫ።

ደግሞ ቀዩን የማያዩም አሉ። ጆን ዳልተን የሚባለው እንግሊዛዊ የኬሚስትሪ ሰው በ1794 እ.ኤ.አ. ስለ ገዛ ዓይኑ ለማንቸስተር ምሁራን ማኅበር ጽሑፍ አቀረበ። የዓይኔ ፈሳሽ ሰማያዊ ስለሆነ ነው ብሎ ያምን ነበር፤ ከሞትኩ በኋላ ዓይኔን መርምሩ አለ። በ1844 ሲሞት መረመሩት፣ ፈሳሹ እንደ ማንም ሰው ነው። ዓይኑ ግን ተቀምጦ ቆየና በ1995 ዲኤንኤው ታየ፤ ለአረንጓዴ የሚሆነው የዓይን ክፍል ይጎድለው ነበር። ከሰሜን አውሮፓ ዘር ካላቸው ወንዶች 8 በመቶ የሚሆኑት ቀይና አረንጓዴን በመለየት ይቸገራሉ፤ ከሴቶች ግማሽ በመቶ ያህል። በ1875 ስዊድን ውስጥ ላገርሉንዳ ላይ ሁለት ባቡሮች ተጋጭተው 9 ሰው ሲሞት፣ ሆልምግሬን የተባለ ሐኪም የቀለም መለየት ችግር ነው ብሎ ተከራክሮ የባቡር ሠራተኛ ሁሉ በባለ ቀለም ክር እንዲፈተን አደረገ። የዚያ አደጋ መንስኤ በእርግጥ ይኸው መሆኑን በኋላ የመረመሩት ይጠራጠራሉ፤ ፈተናው ግን ቀረ።

በየቢሮአችን ያለው የሌዘር ማተሚያ ብዙውን ጊዜ ጥቁር ብቻ ነው የሚያትመው። ቀዩ ግራጫ ይሆናል፣ ፎቶ ኮፒ ሲነሳ ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል። የኮቦል ሰዎች ሁለት ፊደል መለጠፋቸው ሞኝነት አልነበረም። ቻይናና ጃፓን ደግሞ የአክሲዮን ዋጋ ሲወጣ ነው በቀይ የሚያሳዩት። ግብፅና ብራናው ትዝ አላችሁ?

አሁን ወደዚያች መሃል ላይ ወደቆመችው ቁጥር እንመለስ። አሜሪካኖች በመጋቢት 2002 እ.ኤ.አ. ባለ አምስት ቀለም የሽብር ማስጠንቀቂያ አወጡ፤ ከአረንጓዴ እስከ ቀይ። እዚያ ያሉ ዘመዶቻችን በየአየር ማረፊያው «ዛሬ ብርቱካናማ ነው» ሲባል ሰምተዋል። ምን ሲሆን ብርቱካናማ፣ ምን ሲሆን ቀይ እንደሚሆን ግን መስፈርቱ ለሕዝብ አልወጣም። ለአገሪቱ በሙሉ ወደ ታችኞቹ ሁለት ቀለሞች አንድም ቀን ሳይወርድ በ2011 ተዘጋ። «ከሆነ» የሚለው የማይታይበት ኮድ እንዲህ ነው፤ ቀለሙ አለ፣ ቁጥሩ የለም።

ቁጥሩ የታወቀበትን ደግሞ እንይ። የሕፃናት ክንድ የሚለካበትን ጥብጣብ ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የልጁን ግራ ክንድ ትጠመጥምበታለች፤ ቀይ፣ ቢጫ ወይ አረንጓዴ። ሐሳቡ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ከባግዳድ በሻኪር ስም ከሚጠራው ጥብጣብ ይመጣል። በዚያኛው ቀይ ከ12.5 ሴንቲሜትር በታች፣ አረንጓዴ ከ13.5 በላይ ነበር። በኋላ መስመሩ ወረደና ለከፋ የምግብ እጥረት ከ11 ሴንቲሜትር በታች ቀይ ተባለ። በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ጥናቶቹን አይተው መስመሩን ከ11 ወደ 11.5 ከፍ አደረጉት።

አምስት ሚሊሜትር። የአንድ ሕፃን ክንድ 11.2 ነው እንበል። በ2008 ቢጫ ነው፣ ከ2009 በኋላ ቀይ። ልጁ ያው ልጅ ነው፣ ክንዱም ያው ክንድ፤ አልሚ ምግቡን ማግኘት አለማግኘቱ ግን ተለወጠ። የወረዳው ሪፖርት ላይ የቀዮቹ ቁጥር በአንድ ጊዜ ሊያሻቅብ ይችላል፤ ዝናቡ ሳይቀር፣ እህሉ ሳይጠፋ። የሁለት ዓመት ሪፖርት ጎን ለጎን አስቀምጦ «ረሃቡ ባሰ» የሚል ሰው መጀመሪያ «ቀይ ማለት በየትኛው ዓመት ስንት ነበር?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ለዚህ ነው ያቺን ቁጥር ኮዱ ሆድ ውስጥ መቅበር የማንወደው። የራሷ ሠንጠረዥ ይኑራት፤ ከመቼ ጀምሮ፣ በማን ውሳኔ ተብሎ ይጻፍባት። ኮዱ ከዚያ ያንብብ። ሲለወጥ አንድ ረድፍ ይጨመራል እንጂ ፕሮግራመሩ ከሄደ ከአምስት ዓመት በኋላ «11.5 የት ነው የተጻፈችው?» እየተባለ አይፈለግም። ያልተለካውን ልጅም አስቡት፤ ሣጥኑ ባዶ ስለሆነ «አለዚያ» ውስጥ ገብቶ ከአረንጓዴዎቹ ጋር ይቆጠራል። ያልተለካው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከጤና ኬላው የራቀው ነው።

በ2010ሮቹ እ.ኤ.አ. ኒጀር ውስጥ ጥብጣቡን ለእናቶች ራሳቸው ሰጥተው ሞከሩት። እናቶቹ ልጆቻቸውን ሲለኩ ከሠለጠኑት የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች የማይተናነስ ውጤት አገኙ። ቁጥር ማንበብ አላስፈለጋቸውም፤ ቀዩን ሲያዩ ልጃቸውን አዝለው ወደ ጤና ጣቢያ ነው የሚሄዱት።